ከመንገዱ ወደ ያም ማሳው

ክረምት ላይ አራት ሆነን ኤዲፐስን ወደኛ እናምጣው ብለን ተነሳን፣ የጥንቱን ግሪካዊ ጸሐፌ ተውኔት የሶፎክልስን ድራማ ማለቴ ነው። መጀመሪያ ምን አደረግን መሰላችሁ፣ ስም ቀየርን። ከተማዋን ጎንደር አልናት፣ ንጉሡን ካባ አለበስነው፣ ከዛ ሳሎን ቁጭ ብለን ጮክ ብለን ስናነበው ነገሩ ምንም ነፍስ የለውም። በተለይ ሳያውቅ አባቱን የሚገድልበት ቦታ። ሦስት መንገድ የሚገናኝበት ላይ ከመንገድ ውጣ ብለው ይገፉታል፣ ሽማግሌው ከሰረገላው ላይ ሆኖ አናቱን ይለዋል፣ እሱ ደግሞ በንዴት ይገድላቸዋል። እኛ አፍ ላይ ሲሆን ግን ንዴቱ የሰው ንዴት ነው የሚመስለው፣ የኛ አይደለም።

ከዛ ነው የናይጄሪያዊውን የኦላ ሮቲሚን ድርሰት ያገኘሁት፣ «አማልክቱ አይወቀሱም» እንደማለት ነው ርዕሱ፣ 1968 እ.ኤ.አ. ኢፌ ከተማ ነው መጀመሪያ መድረክ ላይ የወጣው። ሰውዬው ያንኑ ታሪክ ዮሩባ ወደሚባለው የናይጄሪያ ሕዝብ ሀገር ወስዶታል፣ ኤዲፐስ ኦዴዋሌ ሆኗል፣ ኤዲፐስ ፈትቶ የነገሠበት ስፊንክስ የምትባለው ጭራቅ እንቆቅልሽ የለም፣ በሱ ፋንታ ኩቱጄ የምትባለውን ሀገር ከወራሪ ጎረቤቶቿ ነፃ ስላወጣ ነው የሚያነግሱት። ግን እኔን ያስደነገጠኝ ግድያው ነው። መንገድ የለም፣ ሰረገላ የለም! ኦዴዋሌ በገዛ ገንዘቡ የገዛው የያም ማሳ አለው፣ ያም እንደ ድንች ከመሬት ተቆፍሮ የሚበላ ሥር ነው፣ አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ከነአጃቢዎቹ መጥቶ ያሙን እየቆፈረ ያወጣል፣ መሬቱ የኔ ነው ይላል፣ ሲጨቃጨቁ ደግሞ በአነጋገሩ ዘሩን ይሰድብበታል። በድግምት ይፋለማሉ፣ በመጨረሻ ኦዴዋሌ የብረት አምላክ የሆነውን ኦጉንን እየጠራ በዶማ ይመታዋል። በቃ በማሳው ዶማ፣ ብረት ስለሆነ አምላኩም እዛው እጁ ላይ ነው ያለው፣ ይሄን ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ትንሽ ተቀመጥኩ።

ያኔ ናይጄሪያ የእርስ በርስ ጦርነት ላይ ነበረች፣ ከ1967 እ.ኤ.አ. ጀምሮ። ስለዚህ ኦዴዋሌ መጨረሻ ላይ ዓይኑን አጥፍቶ አማልክቱን አትውቀሱ፣ ዘሬ ሲነካ የሚነደው ልቤ ነው ለዚህ ያበቃኝ ሲል፣ አዳራሽ ውስጥ የተቀመጠው ሰው ስለማን እንደሚያወራ አልጠፋውም ብዬ አምናለሁ። ሮቲሚ የቀየረው ልብሱን አይደለም፣ ሰውየው የሚቆጣበትን ምክንያት ነው የቀየረው፣ እኛ ያልነካነው እሱን ነበር።

በሚቀጥለው ስንገናኝ ያን ትዕይንት በአማርኛ ይዤላቸው ሄድኩ። ገጠር ያደገው ጓደኛችን ነበር የሚያነበው፣ «ይሄ ድንበር የአባቴ ነው» የሚለው ጋ ሲደርስ ሳያስበው ተነስቶ ቆመ፣ ወረቀቱ እጁ ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ማንም ቁጭ በል አላለውም። በርስትና በሚስት ቀልድ የለም እየተባለ አይደል ያደግነው። አሁን ከዛው ከማሳ ድንበር ጀምረን እንደገና እየጻፍነው ነው፣ ዶማውን ማን ቀድሞ እንደሚያነሳ ግን እስካሁን አልተስማማንም።