ቺካጎ፦ የላቲኖው ሕዝብና የላቲኖው ድምፅ

በ2020ው ቆጠራ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የቺካጎ ሕዝብ 2.7 ሚሊዮን ነበር፤ ከዚህ ውስጥ 820 ሺህ ገደማው ላቲኖ (ዘሩ ከላቲን አሜሪካ የሚመዘዝ) ነው። ከጥቁሮቹ በጥቂቱ በልጠዋል ማለት ነው። በ2022 የጸደቀው የምርጫ ካርታ ግን ከ50ዎቹ ዋርዶች (እያንዳንዳቸው አንድ የከተማ ምክር ቤት አባል የሚመርጡ የምርጫ ክልሎች) ላቲኖ እንዲበዛባቸው አድርጎ የሸነሸነው 14ቱን ብቻ ነው። የላቲኖ ተመራጮች 15 ነበር የጠየቁት። ካርታው ወደ ሕዝበ ውሳኔ እንዳይሄድ ከምክር ቤቱ 41 ድምፅ ያስፈልግ ስለነበር ድርድሩ ወራት ፈጅቶ በ43 ለ7 አለቀ።

እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ 14 ሆነ 15 ዋናው ጉዳይ አይደለም። ካርታው ሲሠራ ሕፃኑም ዜግነት የሌለውም ይቆጠራል፤ ድምፅ የሚሰጠው ግን 18 ዓመት የሞላው ዜጋ ብቻ ነው። ሃምቦልት ፓርክ የፖርቶ ሪኮዎች ሰፈር ነው፤ እነሱ ከ1917 ጀምሮ የአሜሪካ ዜጎች ስለሆኑ ከደሴቲቱ መጥተው አድራሻ እንደያዙ ይመዘገባሉ። ከሜክሲኮ መጥተው ሊትል ቪሌጅ በተባለው ሰፈር የሰፈሩት ግን መጀመሪያ የዜግነቱን ረጅም መንገድ መጨረስ አለባቸው። 14ኛውን ዋርድ ተመልከቱ። ኤድ በርክ በ1969 የዋርዱ ተመራጭ ሆኖ ምክር ቤት ሲገባ ሰፈሩ የነጮች ነበር። በኋላ አብዛኛው ነዋሪ ላቲኖ ሆነ፤ ሰውየው ግን ወንበሩን አልለቀቀም፤ በ2019 እንኳ በሙስና ተከሶ ሳለ ምርጫውን አሸነፈ። ወንበሩ ወደ ላቲኖ ተመራጭ የዞረው እሱ ሳይወዳደር በቀረበት በ2023 ነው።

ካርታ ምን ማድረግ እንደሚችል በ1986 ታይቷል። ከ1980ው ቆጠራ በኋላ የተሠራው ካርታ የላቲኖ ሰፈሮችን ቆራርጦ ስለነበር ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በሰባት ዋርዶች ምርጫው እንዲደገም ታዘዘ። ኸሱስ «ቹይ» ጋርሲያ በ22ኛው፣ ሉዊስ ጉቲየሬዝ በ26ኛው (በሁለተኛ ዙር) ገቡ። ምክር ቤቱ በከንቲባ ሃሮልድ ዋሺንግተን ደጋፊዎችና ተቃዋሚዎች መካከል 25 ለ25 ተካፈለና ማሰሪያው ድምፅ በከንቲባው እጅ ወደቀ። ጋርሲያና ጉቲየሬዝ ሁለቱም በኋላ ለኮንግረስ በቅተዋል።

አሁን ወደ መሬት እንውረድ። በ2023ቱ ምርጫ ለዋርድ ወንበር ለመወዳደር 473 ፊርማ ይጠየቅ ነበር። ቀላል ይመስላል። እሑድ ሊትል ቪሌጅ ውስጥ 26ኛው ጎዳና ላይ ቆሞ ፊርማ የሚያሰባስብ ሰው ወረቀቱን ቶሎ ይሞላል፤ ችግሩ የፈረመው ማን እንደሆነ ነው። አንዱ የሲሴሮ ነዋሪ ነው፤ ሲሴሮ ደግሞ ሌላ ከተማ ነው። ሌላው ዜግነት የለውም። ሦስተኛው ቤት ቀይሮ አድራሻውን አላስተካከለም። የተቀናቃኙ ሰዎች ወረቀቱን ከመራጮች መዝገብ ጋር መስመር በመስመር እያመሳከሩ ተቃውሞ ያስገባሉ፤ ቺካጎ ውስጥ ይህ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ስለዚህ ልምድ ያላቸው የሚፈለገውን ሁለትና ሦስት እጥፍ ይሰበስባሉ፤ መንገድ ላይ ከመቆምም መዝገቡን ይዘው በር ማንኳኳት ይመርጣሉ። ለመራጩ ግን መንገዱ ሰፊ ነው፦ በምርጫው ዕለት እንኳ ሁለት መታወቂያ፣ አንዱ የአሁኑን አድራሻ የሚያሳይ፣ ይዞ ከቀረበ ተመዝግቦ ይመርጣል።

ለአንድ ወንበር ይህ ሁሉ ድካም የሚያዋጣው ተመራጩ በዋርዱ ውስጥ ምን እንደሚገነባ በልማድ የመጨረሻውን ቃል ስለሚናገር ነው። ፒልሰን በተባለው የላቲኖ ሰፈር ውስጥ፣ ኪራይ ንሮ ቤተሰቦች ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ ወደ ብራይተን ፓርክና ጌጅ ፓርክ ሲገፉ፣ ለአዲስ ፎቅ የቦታ ምደባ ይቀየር አይቀየር የሚለው ክርክር እዚያው ዋርድ ቢሮ ነው የሚጀምረው። የተፈናቀሉት ደግሞ ድምፃቸውን ይዘው ስለሚሄዱ የአሥር ዓመቱ ካርታ ሁልጊዜ ከኋላቸው ነው።

ዜግነት ለሌለው ወላጅም አንድ በር አለ፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። ከ1988ቱ ማሻሻያ ወዲህ በአብዛኛው የቺካጎ የመንግሥት ትምህርት ቤት የአካባቢ ምክር ቤት አለ፤ ስድስት መቀመጫ የወላጆች ነው። እዚያ ለመምረጥም ለመመረጥም ዜግነት አይጠየቅም፤ የልጁ ወላጅ ወይም አሳዳጊ መሆን ይበቃል። ምክር ቤቱ ርዕሰ መምህሩን በአራት ዓመት ውል ይቀጥራል፣ የትምህርት ቤቱንም በጀት ያጸድቃል።