የባከነ ጨለማ

ዛሬ ድብርት ነው። መብራት የለም፣ የድሬ ሙቀት ቤት አያስቀምጥ፤ ከዚራ ጨለማ ውጧታል። ይሄ ሁሉ ጨለማ በከንቱ!

ሐረር ቢሆን ደግሞ የበለጠ ያስቆጫል። ከፍታው ከ1,800 ሜትር በላይ ነው፤ ናሚቢያ ላይ ጨለማ ጠብቀው ከሕዋ የሚመጣ ጋማ ጨረር የሚያድኑት የሄስ (H.E.S.S.) ቴሌስኮፖች የቆሙትም በዚያው ከፍታ ግድም ነው። ጋማ ጨረር (እጅግ ጉልበተኛ የብርሃን ዓይነት) ራሱ መሬት አይደርስም። አየር ሲመታ የቅንጣት ዶፍ ይፈጥራል፤ ዶፉ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ይበረታና ሰማያዊ የቼሬንኮቭ ብልጭታ ያወርዳል፤ ቅንጣቶቹ አየር ውስጥ ከብርሃን ሲፈጥኑ የሚወጣ ብርሃን ነው። ብልጭታው ዙሪያውን እስከ 120 ሜትር ይደርሳል፣ የሚቆየው ግን ጥቂት ናኖሰከንድ ነው። 1 ቴራ ኤሌክትሮን ቮልት ጉልበት ያለው ጋማ በካሬ ሜትር 100 ፎቶን (የብርሃን ቅንጣት) ገደማ ቢሰጥ ነው፤ የሄስ የመጀመሪያዎቹ አራት ቴሌስኮፖች እያንዳንዳቸው 100 ካሬ ሜትር ያለፈ መስታወት የያዙት ለዚህ ነው። አንድ ብቻውን መትከል ግን ገንዘብ ማባከን ይመስለኛል፤ አጠገቡ ያለፈ ሙዮን (ከዶፍ ወጥቶ መሬት የሚደርስ ቅንጣት) ጋማ መስሎ ያታልለዋል። ሁለተኛው መቶ ሜትር ራቅ ብሎ ቢቆም ያንን ሙዮን አያየውም፣ ይጣላል። ከሕዋ የሚመጣ ፕሮቶን የሚፈጥረው ዶፍ ደግሞ ከጋማው በብዙ ሺህ እጥፍ ይበዛል፤ የሚለየው በምስሉ ነው። የጋማ ቀጭንና ሞላላ፣ የፕሮቶን የተበጣጠሰ። መስታወቱ ክዳን ስለሌለው አቧራ ይጫወትበታል (የኛን አቧራ ታውቁታላችሁ)፣ ሙሉ ጨረቃ ከወጣች ደግሞ ካሜራው ይዘጋል።

መታየት ካለባቸው አንዱ ማርካሪያን 421 ነው፤ መሃሉ ካለው ግዙፍ ብላክ ሆል ጄት፣ ማለትም የቅንጣት ፍላጻ፣ ወደ እኛ የሚወረውር ጋላክሲ። በመጋቢት እኩለ ሌሊት ከአናታችን 29 ዲግሪ ብቻ ዘንበል ብሎ ያልፋል፣ በልግ ካልረበሸ። ሌላው እንዲሁ ያለ ጋላክሲ፣ ፒኬኤስ 2155-304፣ ግን የሚመቸው በነሐሴ ነው። ክረምት! ያ ጉደኛ ፍንዳታውም ሐምሌ 21 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ነበር፤ ከክራብ ኔቡላ (የፈነዳ ኮከብ ቅሪት፣ የጋማ ድምቀት መለኪያ) በአማካይ 7 እጥፍ ደምቆ፣ በ200 ሰከንድ ገደማ ውስጥ ከፍ ዝቅ ሲል ሄስ አየው።

እዚህ ላይ ነው የምጣበቀው። የፒኬኤስ 2155-304 ብላክ ሆል የፀሐይን ክብደት ቢሊዮን ጊዜ ቢያህል፣ ብርሃን ሬዲየሱን ብቻ ለመጓዝ 2 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል። እንዴት በ3 ደቂቃ ይለዋወጣል? ጄቱ ወደ እኛ እየተወረወረ ጊዜውን ያሳጥረዋል ቢባል፣ የዶፕለር እጥፉ (ጊዜው ለእኛ የሚያጥርበት ልክ) 50ን ማለፍ ሊኖርበት ነው፤ በሬዲዮ የሚለካው የጄቱ ፍጥነት ደግሞ ያን ያህል አይጣደፍም። ወይስ የሚፈነዳው ጄቱ ውስጥ ያለ ትንሽ ጄት ነው? ለእሱስ ቢሆን ጉልበቱን ማን ሰጠው?