ከጊዮርጊስ ሥዕል ሥር የተዘረጋ የዘንዶ ካርታ

ከውጭ አገር ለዕረፍት የመጣች የአክስቴ ልጅ ዕጣ ፈንታ የሚነበብበትን የታሮት ካርታ አንድ ጥቅል በስጦታ ሰጠችኝ፤ በ78ቱም ካርታዎች ላይ የተሣለው ዘንዶ ነው። ቱሉ ዲምቱ ባለው የኮንዶሚኒየም ቤታችን ሳሎን ጠረጴዛ ላይ አንድ በአንድ ዘርግቼ ስመለከት እናቴ አጠገቤ ቡና ታፈላ ነበር። ቀና ብላ አየችና «አንተ ልጅ፣ ይሄን አውሬ ከጊዮርጊስ ፊት አንሣልኝ» አለችኝ። ልብ አላልኩትም እንጂ ካርታዎቹን የዘረጋሁት ግድግዳው ላይ ለዓመታት ከተሰቀለው የቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል ሥር፣ ከጦሩ ጫፍ ትይዩ ኖሯል።

ጥንቆላውን የፈራች መስሎኝ የካርታውን ታሪክ ላስረዳት ሞከርኩ። ታሮት በ15ኛው ክፍለ ዘመን በሰሜን ኢጣሊያ ሲጀመር ተራ የካርታ ጨዋታ ነበር። ዕጣ ፈንታ መግለጫ ሆኖ የተስፋፋው ከ300 ዓመት ገደማ በኋላ በፈረንሳይ ሲሆን፣ ለዚህም ምክንያት ከሆኑት አንዱ ኩር ደ ጄብለን የተባለ ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1781 ካርታው የጥንታዊት ግብፅ ጥበብ ነው ብሎ ያለ ማስረጃ መጻፉ ነው። ዛሬ አብዛኛው ሠዓሊ የሚከተለው እ.ኤ.አ. በ1909 ለንደን ውስጥ የታተመውን፣ ፓሜላ ኮልማን ስሚዝ የሣለችውን ነው። በእርሷ ሥራ «ሰባት ጽዋ» በሚባለው ካርታ ላይ ዘንዶ ደመና ላይ ከተደረደሩት ጽዋዎች በአንዱ ውስጥ ብቅ ብሎ ይታያል። በእኔ ጥቅል ግን ዘንዶ ያልወረሰው ቦታ የለም፤ ሌላው ቀርቶ «ብርታት» በተባለው ካርታ ላይ ሴቲቱ አፉን የምትይዘው አንበሳ እንኳ በዘንዶ ተተክቷል። አንበሳን በዘንዶ መለወጥ ለኢትዮጵያዊ ዓይን ቀላል ነገር አይደለም።

ከካርታዎቹ ጋር የመጣችው ትንሽ መመሪያ የምዕራቡ ዘንዶ ክፉ፣ የምሥራቁ ዘንዶ ደግ ነው ትላለች። ከፊሉ እውነት ነው። የቻይና ዘንዶ ክንፍ ሳይኖረው የሚበር፣ በውኃና በደመና የሚኖር፣ ዝናብ የሚለመን ፍጡር ነው፤ ባለ አምስት ጥፍሩ ደግሞ የንጉሠ ነገሥቱ ምልክት ነበር። ከእኛ ሰፈር ወደ ዱከም ስንወርድ በአንድ ፋብሪካ በር ግራና ቀኝ ሁለት ወርቃማ ዘንዶዎች ቆመዋል፤ በሚኒባስ ባለፍን ቁጥር ከተሳፋሪ አንዱ ማማተቡ አይቀርም። ይሁን እንጂ በዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 12 ሰባት ራስና አሥር ቀንድ ያለው ቀይ ዘንዶ ሰይጣን ሲሆን፣ በምዕራቡ ዓለም ያለችው ዌልስ ደግሞ ያንኑ ቀይ ዘንዶ እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ ይፋዊ ሰንደቅ ዓላማዋ አድርጋ ታውለበልባለች። ክፍፍሉ እዚያው በምዕራቡ ቤት ፈረሰ ማለት ነው።

ይበልጥ የሚፈርሰው ግን እኛ ዘንድ ነው። እናቴ ካርታውን ያየች ጊዜ ጥንቆላ አላለችም፤ ያለችው «አውሬ» ነው፤ ይህም ቃል የግእዙ «አርዌ» ዘመድ ነው። አርዌ በአፈ ታሪካችን ኢትዮጵያን የገዛ፣ ሕዝቡን ከብትና ልጃገረድ ያስገብር የነበረ ዘንዶ ነው። አንጋቦ መርዝ ያበላውን ፍየል አቅርቦ ገደለውና በምትኩ ነገሠ፤ በአንዳንዱ አተራረክም የንግሥተ ሳባ አባት እርሱ ነው። በቸርችል ጎዳና የስጦታ ዕቃ መደብሮች በሚሸጠው፣ በትንንሽ ክፍሎች በተከፋፈለው የንግሥተ ሳባ ሥዕል ላይ ታሪኩ የሚጀምረው ከዚሁ ዘንዶ ነው። የጊዮርጊስ ዘንዶም እንዲሁ የሚገደል ነው። በእኛ ሠዓሊዎች እጅ ጊዮርጊስ ከዘንዶው ያዳናት ልጃገረድ ብሩታዊት ብዙ ጊዜ ዛፍ ላይ ተቀምጣ ነው የምትታየው፤ በቤታችን ሥዕል ላይም ቅርንጫፉን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ ከፍርሃት ይልቅ በጉጉት ቁልቁል ትመለከታለች።

ከእነዚህ ሁለቱ ጎን ግን ማንም የማይገድለው ዘንዶ አለን። ከተስዓቱ ቅዱሳን አንዱ የሆኑት አቡነ አረጋዊ፣ ዙሪያው ገደል የሆነውን የደብረ ዳሞን አምባ መውጫ ባጡ ጊዜ፣ በእግዚአብሔር ትእዛዝ ከላይ የወረደ ዘንዶ ጅራቱን አስይዞ እንዳወጣቸው ይነገራል። ዛሬም ወደ ገዳሙ የሚወጣው በገመድ ነው። በየዓመቱ ጥቅምት 14 ቀን የአረጋዊን በዓል የሚያከብር ምእመን የጊዮርጊስንም ያከብራል፤ አንዱ ዘንዶ ሲወጋ ሌላው ዘንዶ ሲሸከም ግር የሚለው ሰው አላጋጠመኝም። የመመሪያዋ ጸሐፊ ይህን ቢያውቅ ኖሮ ዘንዶን በአቅጣጫ ሳይሆን በታዘዘለት ሥራ ይለይ ነበር ብዬ አስባለሁ።

ካርታዎቹን ወደ መኝታ ክፍል ወስጄ ነበር። ሁለተኛው ቡና ሲቀዳ እናቴ ራሷ «እስቲ አምጣው» አለችኝ። መነጽሯን አድርጋ ጥቂቶቹን ካገላበጠች በኋላ 16ኛው ላይ ቆመች። ይህ «ግንብ» የሚባለው ካርታ ነው፤ መመሪያዋ ውድቀትና ድንገተኛ ጥፋት ማለት ነው ትላለች። በእኔ ጥቅል ላይ በገደል አፋፍ የቆመ የድንጋይ ግንብ አለ፤ ዘንዶው ከሥር ጀምሮ ተጠምጥሞበት ጅራቱ እስከ መሬት ተንጠልጥሏል። እናቴ ካርታውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግታ ብዙ አየችው።

«ደብረ ዳሞ ነው እንዴ?» አለችኝ፤ «መነኩሴውን ሳይሥሉት ነዋ የተዉት።»