63 በመቶ ላይ የቆመው ፋይል

ከቀኑ 10 ሰዓት ሆኗል። ሥራው ነገ ጠዋት ማተሚያ ክፍል መግባት አለበት። ሴቭ የሚለውን ከተጫንኩ 9 ደቂቃ አልፏል። መስመሯ 63 በመቶ ላይ ደርሳ ቆማለች። ማውዙን ሳንቀሳቅስ ቀስቱ ዘግይቶ ነው የሚከተለኝ። ከጠረጴዛው ሥር ካለው ኬዝ ደግሞ ድምፅ ይመጣል። ጠቅ፣ ዝም። ጠቅ ጠቅ፣ ዝም። ያን ድምፅ ለወራት ሰምቼዋለሁ። ማሽኑ አርጅቷል፣ ያረጀ ነገር ይንኳኳል ብዬ ለምጄው ነበር።

ሥራዬ ፎቶ ማረም ነው። ፎቶግራፍ አንሺዎቻችን ያመጡትን እቀበላለሁ፣ ቀለሙን አስተካክላለሁ፣ የተበላሸውን አጸዳለሁ፣ ለህትመት አዘጋጃለሁ። ኮምፒውተሬ ወደ 10 ዓመት ይጠጋዋል። ባለ 4 ኮር ፕሮሰሰር፣ 8 ጊጋ ራም (በእጅ ያለውን ሥራ ለጊዜው የሚይዝበት)፣ 1 ቴራ ሃርድ ዲስክ። ለተራ ፎቶ አሳፍሮኝ አያውቅም። ሥራው ሲተልቅ ነው ጣጣው የመጣው።

የዚያን ቀኑ ፋይል ለግድግዳ የሚሆን ነበር። ወርዱ 5 ሜትር፣ ቁመቱ 2 ሜትር። በባለ 24 ሜጋፒክስል ካሜራ የተነሱ 12 ፎቶዎችን ገጣጥሜ ያወጣሁት ነው፤ 20,000 በ8,000 ፒክስል። እስቲ አብረን እናስላው። ይህን ስሌት ቀድሜ ሠርቼው ቢሆን ኖሮ ብዙ ነገር ይቀርልኝ ነበር። 20,000 በ8,000 ሲባዛ 160 ሚሊዮን ፒክስል ይሆናል። እያንዳንዱ ፒክስል የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ 3 ቁጥሮች አሉት። በ16 ቢት ስንሠራ አንዱ ቁጥር 2 ባይት ይይዛል። ስለዚህ ለአንድ ፒክስል 6 ባይት፣ ለጠቅላላው 960 ሜጋባይት። ይህ አንድ ሌየር፣ ማለትም በላይ በላይ ከሚደረደሩት የምስሉ ንብርብሮች አንዱ ብቻ ነው። እኔ ሙሉውን ምስል የያዙ 5 ሌየሮች ነበሩኝ። ወደ 4.8 ጊጋ መጣ ማለት ነው። በዚያ ላይ የማርምበት ፕሮግራም፣ ፎቶሾፕ፣ ወደኋላ መመለስ እንድንችል የሠራናቸውን እርምጃዎች ይይዛል። ከ8ቱ ጊጋ ዊንዶውስና ብሮውዘሩ ድርሻቸውን ካነሱ በኋላ የሚተርፈው ለዚህ ሁሉ አይበቃም።

ያኔ ግን አላሰላሁም። ከ2 ሳምንት በፊት አለቃዬ ጋ ገብቼ፣ «ግራፊክስ ካርድ ያስፈልገናል» አልኳት። ምስል ነው የምሠራው፣ ግራፊክስም ምስል ነው፤ ነገሩ በዚህ ልክ ግልጽ መስሎኝ ነበር። አለቃዬ አመነችኝ። በጀት ለምና አስገዛችልኝ። ገጠምነው። ምስሉን ማጉላትና ማሳነስ ለስለስ አለ፣ አንዳንድ ፊልተሮች ፈጠኑ። ፋይል መክፈትና ሴቭ ማድረግ ግን በፊት እንደነበረው ነው። 11 ደቂቃ የሚፈጀው ሴቭ፣ ያው 11 ደቂቃ። አለቃዬ ምንም አላለችኝም፤ ዝምታዋ ግን ከበደኝ። የሰው እምነት ተቀብዬ ሳላጣራ ነበር የተናገርኩት።

እንግዲህ ያን ዕለት በ10 ሰዓት፣ 63 በመቶ ላይ ሆኜ፣ ጋሼን ጠራኋቸው። ጋሼ የቢሯችንን ማሽኖች የሚጠግኑ፣ ከሁላችንም በዕድሜ የሚበልጡ ሰው ናቸው። ካቻቪቴ ይዘው ይመጣሉ ብዬ ስጠብቅ ባዶ እጃቸውን መጡ። ወንበር ስበው ከጎኔ ተቀመጡ።

«ሴቩ ይለቅ፣ እንጠብቀው። ከዚያ ሁልጊዜ የምትሠሪውን ሥሪ። እኔ አያለሁ» አሉኝ።

ሴቩ እንደምንም አለቀ። የኮምፒውተሩ ክፍሎች ምን ያህል እየሠሩ እንደሆነ የሚያሳየውን ታስክ ማናጀርን ከፈቱና በስክሪኑ አንድ ጥግ አስቀመጡት። እኔ ሌየር አባዛሁ፣ ትልቅ ብሩሽ ይዤ አንድ ሁለት ቦታ ቀባሁ። ፕሮሰሰሩ 15 በመቶ አካባቢ ነው። ግራፊክስ ካርዱ ሥራ ፈቷል። ራሙ ጢም ብሏል። ዲስኩ 100 በመቶ ላይ ተጣብቋል።

ከዚያ በፎቶሾፕ መስኮት ግርጌ በግራ በኩል ያለችውን ትንሽ ጽሑፍ ጠቆሙኝ። ብዙዎቻችን የፋይሉን መጠን እንድታሳይ እንተዋታለን። አጠገቧ ያለችውን ቀስት ነክተው ኤፊሸንሲ የሚለውን መረጡ። 34 በመቶ አለ። ይህች ቁጥር 100 ከሆነች ፎቶሾፕ ሥራውን ራም ላይ እየሠራ ነው። ከዚያ ከወረደች ራሙ ስላልበቃው ዲስክ ላይ ማስታወሻ እየያዘ ነው ማለት ነው። ስክራች ዲስክ የሚባለው ይህ ነው። ዲስክ፣ በተለይ የሚሽከረከረው ዓይነት፣ ከራም ጋር በፍጥነት አይወዳደርም። ብሩሼ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ኮምፒውተሩ የሚጽፈውና የሚያነበው እዚያ ነበር። ለ6 ዓመት በተቀመጥኩበት ወንበር ላይ፣ ያችን ቀስት አንድም ቀን ነክቻት አላውቅም።

ደስ አለኝ። «እንግዲያው ራም ነው!» አልኩ፣ ለመነሳት እየቃጣሁ።

«ተቀመጪ ልጄ» አሉኝ። «ገና አልጨረስንም። 100 በመቶ ሥራ ላይ ነኝ ይላል። ስንት እየሠራ እንደሆነ ግን አይተሻል?»

ጣታቸውን ከግራፉ ሥር ወዳለው ቁጥር አወረዱ። በሴኮንድ 4 ሜጋባይት። ጤነኛ ሃርድ ዲስክ አንድን ትልቅ ፋይል በተከታታይ ሲያነብ በሴኮንድ ከ100 ሜጋባይት በላይ ይሰጣል። የተበታተነ ነገር ሲያነብ ፍጥነቱ በጣም መውረዱ ያለ ነው። ጋሼ ግን ድምፁንም ሰምተዋል። ጠቅ፣ ዝም። የዲስኩን ጤና የሚያሳይ ክሪስታልዲስክኢንፎ የሚባል ነጻ ፕሮግራም ከፍላሽ አስነሱ። ሰማያዊ መሆን የነበረበት ምልክት ቢጫ ነው። ማንበብ ያቃተው ቦታ ሲገጥመው ዲስኩ ደጋግሞ ይሞክራል፤ የሚንኳኳው እሱ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ በዝቶ ነበር። ለካ ከወር ወር የሰማሁት የእርጅና ድምፅ አልነበረም።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል» አሉ። «ይሄ ግን አልደበቀም። ሲነግርሽ ነው የከረመው።»

ያኔ ነው ሆዴ የተላወሰው። ዊንዶውሱ፣ ስክራቹ፣ የነገው ሥራ፣ የ12ቱ ፎቶዎች ጥሬ ፋይል፣ የ3 ዓመት ሥራዬ፤ ሁሉም አንድ ዲስክ ላይ ናቸው። ባክአፕ አለ ተብሎ ነበር። ከፍተን ስናየው የመጨረሻው ከ7 ወር በፊት የተደረገ ነው።

ጋሼ ያን ምሽት ኬዙን ሊከፍቱ ፈቃደኛ አልሆኑም። «ዛሬ ምንም አንገዛም፣ ምንም አንፈታም። ያለሽን ገልብጪ» አሉ። ቅደም ተከተል አወጡልኝ። መጀመሪያ የነገው ሥራ፣ ቀጥሎ ጥሬ ፋይሎቹ፣ ከዚያ የቀረው። ለታመመ ዲስክ እያንዳንዱ ንባብ የመጨረሻው ሊሆን ስለሚችል፣ ሁሉንም ጠቅልሎ ኮፒ ማለት አይመከርም። ለአለቃዬ ደውዬ እውነቱን ነገርኳት። ከደንበኛው አንድ ቀን ለመነችልኝ።

ግድግዳው ላይ የሚወጣው ፋይል ተገለበጠ። ከጥሬዎቹ 10ሩ ተገለበጡ። 2ቱ እምቢ አሉ። ሦስት ጊዜ ሞከርን፣ ሦስቴም እዚያው ላይ ሲደርስ ቆመ። ፎቶዎቹን ያነሳውን ልጅ ፍለጋ ስልክ አነሳሁ። ካርዱን አልፎርማትኩትም ሲለኝ እግሬ ከዳኝ፤ ወንበሩ ላይ ዘፍ ብዬ ተቀመጥኩ። የካሜራ ካርድ ሥራው እስኪረከብ ድረስ እንዳይጠፋ አሁን ቢሯችን ውስጥ ደንብ ሆኗል። ይህን ደንብ ከልቤ ነው የምከራከርለት።

በማግስቱ የተረፈውን ሥራ በሌላ ማሽን ጨርሼ ለማተሚያ ሰጠሁ። ከዚያ ወደ ግዢው ገባን። አለቃዬ እንዳይዘገይ ብላ ራም አስመጥታ ጠበቀችን። ጋሼ አዲሱን ከካርቶኑ ሳይሆን ከጫፉ ነው ያዩት። ከማሽኑ ውስጥ አንዱን አሮጌ ራም ነቀሉ፣ ነጭ ወረቀት ላይ አስተኙት፣ አዲሱን ከጎኑ አደረጉ። የወርቅማ እግሮቹ መሐል አንዲት ስንጥቅ አለች። የአሮጌው ስንጥቅ ከአዲሱ ጋር ልክ አትገጥምም። ትንሽ ነው የተዛነፉት፤ በቁም ሆኖ የሚያይ ሰው ላያስተውለው ይችላል። አሮጌው ዲዲአር 3 የሚባለው የራም ትውልድ ነው፣ ባለ 240 እግር። አዲሱ ዲዲአር 4፣ ባለ 288 እግር። ቮልቴጃቸውም አንድ አይደለም። ስንጥቋ የተለያየ ቦታ የተደረገችው አንዱ በሌላው ቦታ እንዳይሰካ ተብሎ ነው። አልገባም ብሎ የታገለ ሰው ማስገቢያውን ሰብሮ፣ ሁሉም ክፍሎች የሚሰኩበትን ዋና ሰሌዳ፣ ማዘርቦርዱን፣ ገድሎ ይነሳል። መልሰን ቀየርነው። ከመግዛቱ በፊት በአሮጌው ራም ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ማንበብ፣ ማዘርቦርዱ እስከ ስንት እንደሚቀበልም ማየት ያስፈልግ ነበር። የኛው ጣሪያው 32 ጊጋ ሆኖ ተገኘ። እያንዳንዳቸው 8 ጊጋ የሆኑ አንድ ዓይነት 4 ራሞች አዘዝን።

ዲስኩን በተመለከተ እኔ የሚሽከረከር ነገር ከሌላቸው ፈጣን ዲስኮች፣ ከኤስኤስዲዎች፣ ኤንቪኤምኢ የሚባለውን ይበልጥ ፈጣን ዓይነት ፈልጌ ነበር። በወረቀት ላይ ሲያዩት ፍጥነቱ ያስጎመጃል። ማዘርቦርዳችን ግን ማስገቢያው የለውም። በአስማሚ ካርድ ቢገጠም እንኳ፣ ብዙ የዚያ ዘመን ማዘርቦርዶች ከእሱ ዊንዶውስ ማስነሳት አይችሉም። ስለዚህ እንደ ተራው ሃርድ ዲስክ በገመድ የሚሰኩ 2 የሳታ ኤስኤስዲዎች ያዝን። በሴኮንድ ወደ 550 ሜጋባይት ነው ጣሪያቸው። ከ4 ሜጋባይት ለመጣ ሰው ይህ ሌላ ዓለም ነው።

ኬዙ ሲከፈት አቧራው እንደ ብርድ ልብስ ተነጥፏል። ጋሼ ገመዱን ከሶኬት ነቀሉ፣ የኬዙን ብረት በእጃቸው ነኩ፣ እኔንም አስነኩኝ። በሰውነታችን ላይ ያለው የማይታይ ኤሌክትሪክ ራም ሊያቃጥል ይችላል። አቧራውን አጸዳን። ራሞቹን እኔ ራሴ ሰካኋቸው። ሁለቱን ጫፍ በአውራ ጣት እኩል ስትጫን፣ የጎኑ መያዣ ቀጭ ብሎ ይዘጋል። ማሽኑን ስናበራው ስክሪኑ ጥቁር ሆነ፣ ኬዙ ጢጥ ጢጥ ማለት ጀመረ። ደነገጥኩ። ጋሼ ግን ድምፁን ቆጠሩ። «ራም አልተሰካም እያለ ነው» አሉ። ሦስተኛው በአንድ ወገን መያዣው አልተዘጋም ነበር። አጥፍተን፣ ነቅለን፣ እንደገና ሰካነው። ተነሳ። ለማንኛውም ብለን የዊንዶውስን የራም መፈተሻ ሙሉ ዙር አስኬድነው።

የታመመውን ዲስክ እንዳለ ወደ አዲሱ አላዛወርነውም። የተጎዳ ነገር አብሮ እንዳይመጣ ዊንዶውሱን ከዜሮ ጫንን። አንዱን ኤስኤስዲ ለዊንዶውስና ለፕሮግራሞች፣ ሌላውን ለስክራችና በእጅ ላለ ሥራ ሰጠነው። የፎቶሾፕን የእርምጃ ታሪክ ከ50 ወደ 20 ዝቅ አደረግን። እኔ 50 እርምጃ ወደኋላ ሄጄ አላውቅም።

ያንኑ የግድግዳ ፋይል ከፈትኩ። ኤፊሸንሲ 100 በመቶ። ብሩሹ ከእጄ ጋር አብሮ ሄደ። ሴቭ አልኩ፤ 4 ደቂቃ። ከ11 ወደ 4 መውረዱ ትልቅ ነገር ነው፣ ግን ከዲስኩ ፍጥነት አንጻር በዛብኝ። በዚህ ጊዜ ጋሼን አልጠራሁም። ታስክ ማናጀሩን ራሴ ከፈትኩ። ዲስኩ እያንቀላፋ ነው፣ ራሙ ግማሽ አልሞላም፣ ከፕሮሰሰሩ 4 ኮሮች አንዱ ብቻ ተወጥሯል። ፎቶሾፕ ፋይሉን እየጨመቀ ነበር። በምርጫዎቹ ውስጥ ፒኤስዲና ፒኤስቢ የሚባሉት የፎቶሾፕ ፋይሎች መጨመቃቸውን የሚያስቀር ሳጥን አለ። ምልክት አደረግኩበት። ፋይሉ ዲስክ ላይ የሚይዘው ቦታ ጨመረ፤ ሴቩ ግን ከ1 ደቂቃ በታች ገባ። ይህኛው ምንም አላስወጣንም።

ማሽኑ እንደ አዲስ ሆነ አልልም። ፕሮሰሰሩ ያው ነው። ዊንዶውስ 11 በይፋ ከማይቀበላቸው ትውልዶች ነው፤ ዊንዶውስ 10 ደግሞ መደበኛ ድጋፉ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። አንድ ቀን መተካቱ አይቀርም፣ አለቃዬም ታውቀዋለች። እስከዚያው ግን ሥራዬን ይሠራል። ግዢ የሚጠይቅ ባልደረባ ሲመጣ አሁን የምትጠይቀው አንድ ነገር አላት፤ «ሲሠራ ታስክ ማናጀሩ ምን ይላል?» ትለዋለች።

አሮጌውን ዲስክ አልጣልነውም ነበር። ያልተገለበጡ ጥቂት የቆዩ ማህደሮች ስለቀሩ በመሳቢያ አስቀምጠነው ነበር። ከ3 ሳምንት በኋላ፣ ሥራ ቀለል ባለ ቀን፣ ጋሼና እኔ አውጥተን ሰካነው። ኮምፒውተሩ አላየውም። ሌላ ገመድ ቀየርን፤ አላየውም። ጆሮዬን አስጠጋሁ። ጠቅ የሚለውም ድምፅ የለም።