«በዚህ ዕድሜ ምን ቀዶ ሕክምና?» ለሚሉ፦ ስለ አንገት ደም ቅዳ ጥበት

አንድ ዓይን ድንገት መጋረጃ የወረደበት ያህል ጨልሞ ከደቂቃዎች በኋላ ሲመለስ፣ ወይም አንድ እጅ ዝሎ የያዘውን ጥሎ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ደህና ሲሆን «ድካም ነው» ተብሎ ይታለፋል። መታለፍ የለበትም። በአንገት በኩል ወደ አንጎል የሚወጣው የካሮቲድ ደም ቅዳ ሲጠብ፣ ከውስጡ የሚላቀቀው ፍርፋሪ በዚያው ወገን ወዳለው ዓይን ወይም አንጎል ይሄዳል። የጠበበው የግራው ከሆነ የሚጨልመው ግራ ዓይን፣ የሚዝለው ግን ቀኝ እጅ ነው። የዚያኑ ዕለት ሐኪም ዘንድ ሄዶ አንገትን የደሙን ፍሰት በድምፅ ሞገድ በሚያሳየው ዶፕለር አልትራሳውንድ መታየት ያስፈልጋል።

በ1991 (እ.ኤ.አ.) በወጣው የሰሜን አሜሪካ ጥናት፣ ምልክት ካሳዩና ጥበታቸው ከ70 በመቶ በላይ ከሆነው መካከል በሁለት ዓመት ውስጥ በዚያው ወገን ስትሮክ የመታቸው፣ በመድኃኒት ብቻ ከታከሙት 26 በመቶ፣ የጠበበውን ደም ቅዳ ከፍቶ የሚያጸዳ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው 9 በመቶ ነበሩ። ዛሬ መድኃኒቱ ስለተሻሻለ ልዩነቱ ይጠባል ብዬ አምናለሁ። ዕድሜን በተመለከተ ግን ሰው የሚያስበው ተገላቢጦሹን ነው፦ በ2004 በአንድ ላይ የተተነተኑት ጥናቶች አንድ ስትሮክ ለማስቀረት ከ65 በታች 18 ሰው፣ ከ75 በላይ ግን 5 ሰው ብቻ በቀዶ ማከም እንደሚበቃ አሳይተዋል። የሚያበላሸው መዘግየት ነው። ምልክቱ ከታየ በሁለት ሳምንት ውስጥ ከተሠራ 5 ሰው፣ ከ12 ሳምንት በኋላ ግን 125 ሰው!

ምንም ምልክት ሳይኖር በምርመራ ብቻ የተገኘ ጥበት ሌላ ጉዳይ ነው። በተለይ ከ75 ዓመት በላይ ጥቅሙ ስላልተረጋገጠ መቸኮል አያስፈልግም። ሙሉ በሙሉ የተዘጋ ደም ቅዳም በዚህ ቀዶ ሕክምና አይከፈትም። በእግር በኩል ገብቶ ስቴንት (ደም ቅዳውን ከፍቶ የሚይዝ የመረብ ቱቦ) ማስቀመጥ ቀላል ቢመስልም፣ ከ70 ዓመት በላይ በሆኑት ላይ ከቢላዋው የበለጠ ስትሮክ ያስከትላል።

ለቀዶ ሕክምናው ተብሎ አስፕሪን አይቋረጥም። አንዳንድ ጊዜ አንገት ብቻ ደንዝዞ ታካሚው ነቅቶ ይሠራል፤ በተቃራኒው እጁ ሲጨበጥ የሚጮህ አሻንጉሊት ይሰጠዋል። ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ሄፓሪን ከተሰጠ በኋላ መጀመሪያ የሚቆነጠጠው ወደ አንጎል የሚወጣው ቅርንጫፍ ነው፤ አለበለዚያ ሌላው ሲነካ ፍርፋሪው ወደ ላይ ይሄዳል። «ጨብጥ» ሲባል አሻንጉሊቱ ዝም ካለ ወይም አንደበቱ ከተሳሰረ፣ ደም የሚያሻግር ጊዜያዊ ቱቦ ይገባል። ከዚያ ደም ቅዳው ተሰንጥቆ ደንዳናው ስብ ከግድግዳው ይላጣል፤ ጫፉ ተላቅቆ የሚንጠለጠል እንዳይቀር በደንብ ይታያል። እንዲሁ ከተሰፋ ተመልሶ ሊጠብ ስለሚችል በጥጋኝ ይዘጋል። ሲለቀቅ ደሙ መጀመሪያ ፊትን በሚመግበው ቅርንጫፍ ይፈሳል፤ የአንጎሉ መጨረሻ ላይ ይከፈታል።

ሐኪሙን «በእናንተ ዘንድ ከመቶ ስንቱ ስትሮክ ይመታዋል ወይም ይሞታል?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ምልክት ላለው ሰው ከ6 በመቶ ሊበልጥ አይገባም። የድምፅ መጎርነን፣ የምላስ ወደተሠራው ወገን መጣመም ወይም የከንፈር ጥግ መውረድ ከነርቭ መነካት ይመጣል፤ አብዛኛው በወራት ውስጥ ይመለሳል። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት አንገት ካበጠና ትንፋሽ ካጠረ ግን የተጠራቀመው ደም መተንፈሻውን እየገፋ ነውና ነርስ ወዲያው ይጠራ። ከቤት ከተገባም በኋላ በተሠራው ወገን የሚበረታ ራስ ምታት ከከፍተኛ የደም ግፊት ጋር ከመጣ፣ አንጎሉ ያልለመደው ደም በርትቶበት ሊሆን ይችላል። ሳይታከም ከቀረ እስከ መንቀጥቀጥና የአንጎል ደም መፍሰስ ይደርሳልና ማስታገሻ ውጦ መተኛት ሳይሆን ያንኑ ሌሊት ሆስፒታል መመለስ ነው።