የሞተር ሳይክሌን ዕቃዎች እቤቴ ያጸዳሁበት መንገድ

አዳማ ላይ የሞተር ቅባት ንጹሕ ሆኖ አይከርምም። ነፋሱ የሚያመጣው አቧራ ዘይቱ ላይ ይለጠፍና በሙቀት እየተጋገረ ይጠጥራል። የባሰው ያለው ከፊተኛው የካቴና ጥርስ ሽፋን ሥር ነው፤ እኔ ስከፍተው የጣት ውፍረት ያለው ጥቁር ጭቃ ነበር። እንዲህ ያለውን በቀጥታ ላምባ ውስጥ መንከር ላምባ ማባከን ስለሆነ፣ መጀመሪያ በእንጨት ስንጥር ፋቅሁት። ካቻቢቴ አልሙኒየም ይቧጭራል፤ ጭረቱ የጋርኒሲዮን (ዘይት እንዳያፈስ በሁለት ብረት መሃል የሚገባው ንጣፍ) ማረፊያ ላይ ካረፈ ደግሞ ዘይት ያፈሳል።

አንድ ሊትር ላምባ በቃኝ። ሦስት አራተኛውን ብረት ሳፋ ላይ ገልብጬ ዕቃዎቹን 30 ደቂቃ ዘፈዘፍኩና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አሸኋቸው፤ የቀረውን ሩብ ለማለቅለቂያ አስቀረሁ። ከዚያ ለብ ያለ ውሃና ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና፣ ወዲያውም በጨርቅ ማድረቅ። በረኪና አልሙኒየም ያጠቁራል፣ ይበላዋልም፤ አይነካካ። ጎማ ነክ ዕቃ ላምባ ውስጥ ያብጣል። የፍሬን ሸራ ላምባ ከጠጣ አይይዝም፣ ስለዚህ በደረቅ ብሩሽ ብቻ። የወረቀት አየር ማጣሪያ አይታጠብም፤ ስፖንጁ ግን በሳሙና ውሃ ታጥቦ ሳይጠመዘዝ ይጨመቃል።

ቤንዚን ይፈጥናል የሚል ብዙ ነው። ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ተስቦ ቡና እስከተጣደበት ከሰል ይሄዳል። ላምባ እሳት የሚቀበለው በአብዛኛው ከ38 ዲግሪ ሙቀት በላይ ነው፤ የአዳማ ፀሐይ ላይ የተቀመጠ ሳፋ ግን እዚያ ሊደርስ ስለሚችል ደጅ፣ ጥላ ሥር ሠራሁ።

ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር ላይ መቸኮል የለም። የአየር ማስተካከያውን ቡሎን ከመፍታቴ በፊት ቀስ ብዬ እስኪነካ ድረስ አስገብቼ ዙሩን ቆጥሬ ጻፍኩ፤ አለዚያ ሲገጠም ሞተሩ ሚኒሞ (ጋዝ ሳይሰጠው በዝግታ መሥራት) አይዝም። ቤንዚን ከሚመጥኑት ባለቀዳዳ የነሐስ ቡሎኖች ትንሿን ወደ ሰማይ አድርጌ ሳያት፣ ብርሃኑ የሚገባው በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ነበር። ሌላውን ግማሽ የደረቀ የቤንዚን ሙጫ ዘግቶታል። እዚህ ላይ ሽቦ መክተት የብዙ ሰው ስህተት ነው፤ ነሐስ ለስላሳ ስለሆነ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ሞተሩ ቤንዚን ይበላል፣ እሳት የሚረጨው ካንዴላ ጥላሸት ይለብሳል። እኔ የካርቡሬተር ስፕሬይ ነፍቼ 10 ደቂቃ ጠበቅሁና ከጥርስ ብሩሹ የነቀልኳትን አንዲት የናይለን ፀጉር አሳለፍኩባት። ክብ ብርሃን እስካይ ደጋገምኩት። የቀረውን መተላለፊያ ጎሚስታ ወስጄ በአየር አስነፋሁ፤ የቤንዚኑን ከፍታ የሚቆጣጠረውን ተንሳፋፊ ቀድሞ ማውጣት ያስፈልጋል፣ ግፊቱ ያጨማድደዋል።

ካቴናው በየማያያዣው መሃል የጎማ ቀለበት ካለው አይዘፈዘፍም፣ ላምባ በነካ ጨርቅ ይጠረጋል። ሲገጠም የካቴናውን ሁለት ጫፎች የሚያያይዘው ክሊፕ የተዘጋ ጫፉ ካቴናው ወደሚሄድበት ይዞራል። ዘይት ከተቀባ በኋላ አሳድሬ ትርፉን ጠረግሁት፤ የተረፈ ዘይት ከአዳማ አቧራ ጋር ሲቀላቀል እንደ ሞረድ ጥርሱን ይበላዋል።

የቆሸሸውን ላምባ ክዳን ባለው የብርጭቆ ዕቃ አሳድሬ፣ ከላይ የጠለለውን ለሚቀጥለው ቀድቼ አስቀመጥኩ። አተላውን ቱቦ ውስጥ አልደፋሁትም፤ የተቃጠለ ዘይት ለሚሰበስብ ጋራዥ ሰጠሁት። ላምባ ሃይላንድ ውስጥ አላስቀምጥም፤ የጠለለው ሲታይ ውሃ ይመስላል፣ ቤት ውስጥ ደግሞ ልጅ አለ።