ለሳይክል ወዳጅ የገና ስጦታ፦ ከመግዛታችሁ በፊት ጎማው ላይ ያለውን ቁጥር አንብቡ

ገና ሲቃረብ «ሳይክል ለሚወደው ወንድሜ ምን ልግዛለት?» የሚል ጥያቄ ይበዛል። የሳይክል ሥዕል ያለበት ቲሸርትና ኩባያ ቶሎ ዓይን ውስጥ ይገባል። ሳይክል የሚነዳ ሰው ግን ሁልጊዜ የሚያጥረው ተበልቶ የሚያልቀው ዕቃ ነው፤ ካላማዳሪያ፣ ካቴና፣ የፍሬን ሸራ፣ የካቴና ዘይት። ከእነዚህ አብዛኞቹ ለሁሉም ሳይክል አንድ ዓይነት ስላልሆኑ፣ ሱቅ ከመግባት በፊት ሳይክሉን ማየት ይቀድማል።

ዕቃውን የሚያመጣው ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ የሚመጣ ዘመድ ከሆነ «የሳይክል ጎማ አምጣልኝ» ብቻ አትበሉት። አራት ፎቶ ላኩለት፦ የጎማው ጎን ላይ ያለው ጽሑፍ፣ የጎማው መንፊያ ቫልቮ፣ የኋላ ማርሹ የተደረደሩት ጥርሳማ ቀለበቶች እስኪቆጠሩ ድረስ ከቅርብ ተነሥቶ፣ እንዲሁም ፍሬኑ ላይ የተጻፈው የሞዴል ቁጥር።

ጎማው ጎን ላይ 28-622 የሚል ዓይነት ቁጥር ታገኛላችሁ። የመጀመሪያው የጎማው ስፋት፣ ሁለተኛው ጎማው ቸርኬው ላይ የሚቀመጥበት ዲያሜትር ነው፤ ሁለቱም በሚሊሜትር። መተማመን ያለባችሁ በሁለተኛው ነው። 26 ኢንች የሚባለው የተለመደው የተራራ ሳይክል 559፣ 27.5 ኢንች 584 ነው። 29 ኢንች የሚባለውና የአስፋልት ሳይክሎች 700 የሚሉት ስማቸው ይለያይ እንጂ ሁለቱም 622 ናቸው። ካላማዳሪያው ካርቶን ላይ የስፋት ክልል ይጻፋል፤ ለምሳሌ ከ25 እስከ 32። የጎማው ስፋት በዚያ መካከል መውደቅ አለበት። ጠባብ ካላማዳሪያ ሰፊ ጎማ ውስጥ ሲገባ ተለጥጦ ይሳሳል፤ ሰፊው ጠባብ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ይታጠፍና በጎማውና በቸርኬው መካከል ተቆንጥጦ ይፈነዳል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቫልቮ ላይ ነው። እንደ መኪና ጎማ ያለው ወፍራም ቫልቮ ሽሬደር ይባላል፤ ቀጭኑና ጫፉ ላይ ትንሽ ብሎን ያለው ፕሬስታ ነው። ወፍራሙ ለፕሬስታ በተበሳ ቸርኬ አይገባም። ቀጭኑ ሰፊ ቀዳዳ ውስጥ ቢገባም ይወዛወዝና ከሥሩ ይቀደዳል። የጎሚስታ ኮምፕሬሰር የሚነፋው የመኪናውን ዓይነት ስለሆነ፣ ፕሬስታ ያለው ሰው መንገድ ላይ ጎማው ሲተነፍስ ጎሚስታ አጠገቡ እያለ ሊቸገር ይችላል። ፕሬስታ ላይ የምትጠለፍ ትንሽ የነሐስ አዳፕተር ይህን ትፈታለች። ዋጋዋ ኢምንት ነው፤ ሁለት ግዙና አንዷ ቦርሳ ውስጥ ትቀመጥ።

ሁለት ካላማዳሪያ፣ ሁለት የፕላስቲክ ጎማ ማውለቂያ (ካቻቪቴ ካላማዳሪያውን ይበሳል)፣ መለጠፊያ፣ ማስቲሽና ቁራጭ ብርጭቆ ወረቀት በትንሽ ቦርሳ አድርጋችሁ ብትሰጡ ከማንኛውም ኤሌክትሮኒክ ዕቃ የበለጠ ታገለግላለች። ማስቲሹ በትንንሽ ቱቦዎች ቢሆን ይሻላል፤ አንዴ የተከፈተ ቱቦ ውሎ አድሮ ይደርቃል። ሲለጠፍ ማስቲሹ ተቀብቶ እርጥበቱ እስኪጠፋ፣ አምስት ደቂቃ ያህል መጠበቅ አለበት። ወዲያው የተለጠፈ ይላቀቃል። አዲሱ ካላማዳሪያ ከመግባቱ በፊት የጎማውን ውስጥ በጣት መዳሰስ ግድ ነው፤ የቀረ እሾህ አዲሱንም ይበሳዋል።

ፖምፓ የምትገዙ ከሆነ መለኪያ ያለውንና መሬት ላይ የሚቆመውን ምረጡ። 28 ሚሊሜትር ጎማ 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ70 እስከ 80 ፒኤስአይ (psi፣ ፖምፓው መለኪያ ላይ የሚነበብ የአየር ግፊት መለኪያ) ይፈልጋል፤ ሰፊ የተራራ ጎማ ከ25 እስከ 35 ይበቃዋል። ይህን በአውራ ጣት ተጭኖ ማወቅ አይቻልም።

የካቴና ዘይት ልክ የማይጠይቅ ስጦታ ነው። ገና የሚውለው በበጋ፣ አቧራ በሚበዛበት ወቅት ስለሆነ ለደረቅ አየር የተሠራውን ውሰዱ፤ ለእርጥብ አየር የተሠራው ለክረምት ይቆይ። የተቃጠለ የሞተር ዘይት አቧራ ይይዝና ካቴናውን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሞርደዋል። በየጥቅልሏ አንዳንድ ጠብታ ይበቃል፤ አድሮ የተረፈው በጨርቅ ይጠረጋል። ካቴናውን ራሱን ለመግዛት የኋላ ማርሹ ስንት ጥርሳማ ቀለበት እንደደረደረ (8፣ 9፣ 10፣ 11 ወይም 12) ማወቅ የግድ ነው፤ የካቴናውን ሁለት ጫፎች የምታገናኘው ማገጣጠሚያም በዚያው ልክ ትሁን። መቀየሩ መድረሱን በማስመሪያ ታውቃላችሁ፦ ከአንድ ፒን መሐል ከእሱ ቀጥሎ እስካለው 24ኛ ፒን መሐል ያለው ርቀት በአዲስ ካቴና 304.8 ሚሊሜትር ነው። በ11 እና በ12 ማርሽ 1.5 ሚሊሜትር፣ ከዚያ በታች ባሉት 2.3 ሚሊሜትር ያህል ከረዘመ ይቀየር። ካልተቀየረ ውዱን የኋላ ማርሽ ይበላል።

ከእንጦጦ ቁልቁል ለሚወርድ ሰው የፍሬን ሸራ ትልቅ ስጦታ ነው። የዲስክ ፍሬን ሸራ በቅርጽ ስለሚለያይ የሞዴሉን ቁጥር ሳትይዙ አትግዙ። ዲስኩ ላይ ለሬዚን (ብረት ያልበዛበት ለስላሳ) ሸራ ብቻ የሚል ጽሑፍ ካለ የብረቱን አታምጡ፤ ዲስኩን ይጨርሰዋል።

መቀመጫና የፔዳል ጫማ ግን ተዉት። መቀመጫ የሚመረጠው በሰውየው የዳሌ አጥንት ስፋት ነው፤ ጫማ ደግሞ ሁለት ብሎንና ሦስት ብሎን የሚይዝ አለና ከፔዳሉ ጋር ካልገጠመ ከንቱ ነው።

ለልጅ ሙሉ ሳይክል ሲገዛ «ያድግበታል» ተብሎ ትልቁ ይመረጣል። መቀመጫው እስከ መጨረሻ ዝቅ ሲል የልጁ ሁለት እግሮች መሬቱን ሙሉ በሙሉ ካልረገጡ፣ ጣቶቹም ፍሬኑን ካልጨበጡ ሳይክሉ ለእሱ ገና ነው። ሄልሜትም እንዲሁ። ጭንቅላቱን ከቅንድብ በላይ በሜትር ለኩ፤ ኢኤን 1078 (EN 1078፣ የአውሮፓ) ወይም ሲፒኤስሲ (CPSC፣ የአሜሪካ) የሚል የደኅንነት ደረጃ ምልክት ፈልጉ፤ ያገለገለ ሄልሜት አትቀበሉ። ውስጡ ያለው ፎም አንድ ጊዜ ከተጨፈለቀ ሁለተኛ አያድንም፤ ጉዳቱም ከውጭ ላይታይ ይችላል።

የፈረንጆቹ ገና ታኅሣሥ 16 ስለሚውል፣ ከዚያ በኋላ የሚወጣው ቅናሽ ለኛ ታኅሣሥ 29 ይደርሳል። መንገደኛው መብራትና ትርፍ ባትሪ በእጅ ሻንጣ፣ መፍቻና ዘይት (በላስቲክ ታሽጎ) በሚጫነው ሻንጣ ይያዝ። ሙሉ ሳይክል በካርቶን ከታሸገ ፔዳሎቹ ይወልቃሉ፤ የግራው ፔዳል የሚፈታው ወደ ሰዓት አቅጣጫ ነው፣ በተቃራኒው ከተገፋ ይበልጥ ይጠብቃል። ጎማው ከወለቀ በዲስክ ፍሬኑ ሸራዎች መካከል የታጠፈ ካርቶን ይግባ፤ ካልገባ ፍሬኑ በጉዞ ላይ ሲጨመቅ ሸራዎቹ ይገጥሙና ዲስኩ አይገባም።